ኤርፖርት የሠራተኛ በር ላይ የዓይን አሻራ (አይሪስ) ያዋጣል? ኮምቦልቻን እያሰብኩ ነው

ቦርከና ዳር፦

ሰላም ጀመዓ። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፣ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለመመረቂያ የያዝነው ርዕስ የኤርፖርት መግቢያ ቁጥጥር በአይሪስ የሚል ነው። የተሳፋሪውን በር አይደለም። የሠራተኛውን ነው። ሻንጣ ጫኙ፣ ጽዳቱ፣ ቴክኒሻኑ፣ ነዳጅ የሚሞላው ሰው ወደ አውሮፕላን ማቆሚያው የሚወጣበትን በር ማለቴ ነው። ለምሳሌ ያህል የወሰድነው እንደ እኛ ኮምቦልቻ ያለ አነስ ያለ ኤርፖርት ነው። ለጥናት ነው እንጂ እዚህ ሊተከል ነው የሚል ወሬ እንዳታስነሱብኝ አደራ።

ጥያቄዬ የተዘበራረቀ ነው ግን እንደመጣልኝ ልጻፈው። የእኛ ዓይን ጥቁር ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ዓይን ላይ ተሞክሮ የተሠራ ነገር እኛ ላይ ይሠራል ወይ? አንዱ ጓደኛዬ አይሠራም ብሎ ድርቅ ብሏል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ጨረሩ ዓይን ያጠፋል የሚል አይጠፋም፣ ለሠራተኛ ምን ብለን እንደምናስረዳ አላውቅም። ከሁሉ በላይ ግን አማካሪያችን እየደጋገመ የሚጠይቀን አንድ ነገር አለ፤ የጣት አሻራ ማሽን በርካሽ ገበያው ላይ ሞልቶ ለምን አይሪስ? ለዚህ ጠንካራ መልስ የለንም። የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ረዘመ ብላችሁ አትቅሩ።

የሆጤ ልጅ፦

ሃሃ፣ እዚህ አገር እኮ በሩን የሚከፍተው ጥበቃው ያውቅሃል ወይ የሚለው ነው። ካወቀህ ዓይንህን ጨፍነህም ትገባለህ።

ሽቦ ዘርጊው፦

የሆጤው የቀለደ መስሎት ዋናውን ነገር ተናግሯል፣ እመለስበታለሁ። ወንድሜ ቦርከና፣ እኔ ኮምቦልቻና ደሴ ውስጥ ፋብሪካና መጋዘን እየዞርኩ የመግቢያ ማሽን እገጥማለሁ። አይሪስ በብዛት ነክቻለሁ አልልህም፣ የጣት አሻራ ግን ሞልቶኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ለአማካሪያችሁ የምትሰጡት መልስ ያለው ጣቱ ላይ ነው። ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው የጣት አሻራ ሸጋ ነው። ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ሳጥን የሚያነሳ፣ በግሪስ የሚታሽ፣ ቀኑን ሙሉ ክርና ጨርቅ የሚያፍተለትል ሰው ጋ ስትሄድ ግን መስመሩ ተልጎ ልሙጥ ይሆናል። ማሽኑ ደጋግሞ እምቢ ይላል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ሠራተኛው ይናደዳል። መጨረሻ ላይ ኃላፊው ምን ያደርጋል? ለእነዚህ ሰዎች በካርድ ብቻ ይግቡ ብሎ ቀዳዳ ይከፍታል። ያቺ ቀዳዳ ደግሞ ውላ አድራ የሁሉም መግቢያ ትሆናለች። የእኛ አካባቢ ሴቶች ሂና ሲሞቁም ጣታቸውን ለማንበብ የሚቸገር ማሽን አለ። ኤርፖርት ላይ ደግሞ ጓንት አለ፣ ዘይት አለ፣ አቧራ አለ። ሻንጣ ጫኝ በወጣ በገባ ቁጥር ጓንቱን አውልቅ ልትለው ነው?

አይሪስ እዚህ ላይ ይበልጣል። በጥቁሯ ብሌን ዙሪያ ያለው ባለ ቀለሙ ቀለበት ነው የሚነበበው። ከፊቱ ኮርኒያ የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ስለሚሸፍነው እንደ ጣት ከዕቃ ጋር አይፋተግም፣ አይላግም። ንድፉ በማኅፀን ውስጥ የሚፈጠር ሆኖ ከዚያ በኋላ ብዙም አይለወጥም። መንትዮች እንኳ አይመሳሰሉበትም፤ የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ዓይን ራሱ ይለያያል። ሌላው ደግሞ መንካት የለም። እኛ ዘንድ ኒቃብ የምትለብስ ሠራተኛ ብትኖርም ፊቷን ሳትገልጥ ማሳለፍ ይቻላል፣ ማሽኑ የሚፈልገው ዓይኗን ብቻ ነው። የፊት መለያ ካሜራ ይህን አያደርግልህም።

የጥቁር ዓይን ነገር የጓደኛህ ግትርነት ነው። ዓይንን የሚያጠቁረው ቀለም፣ ሜላኒን፣ የሚታየውን ብርሃን ስለሚውጠው በተራ የስልክ ካሜራ ብታነሳው እውነትም ምንም መስመር አታይም። የአይሪስ ካሜራ ግን የሚያበራው ለዓይን እምብዛም የማይታይ ኢንፍራሬድ ነው፣ ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር ባለው ክልል። እዚያ ላይ ሜላኒኑ ብርሃኑን ብዙም አይዘውም። ክሩም፣ ስንጥቁም፣ ቀለበቱም ወለል ብሎ ይወጣል። ማስረጃ ከፈለገ ህንድን ንገረው። አድሃር የሚባለው የህንድ መታወቂያ አሥር ጣትና ሁለት አይሪስ ይወስዳል፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል። የአብዛኛው ዓይን እንደ እኔና እንደ አንተ ጥቁር ቡናማ ነው። ሩቅ ምን አስኬደን፣ የእኛው ፋይዳም አሥር ጣት፣ ሁለት አይሪስና የፊት ፎቶ አይደል የሚወስደው?

አሠራሩን ባጭሩ ላስቀምጥልህ። ሐሳቡን ወደ ኮምፒውተር ያወረደው የካምብሪጁ ጆን ዶግማን ነው፣ ፓተንቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። ፎቶውን 2048 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ) ወደሆነ ኮድ ይቀይረዋል፣ ማለትም 256 ባይት ብቻ። ከዚያ ሁለት ኮዶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስንቱ ቢት ተለያየ ብሎ ይቆጥራል። የሁለት የተለያዩ ሰዎች ኮድ ግማሹ አካባቢ ይለያያል፣ ልክ ሳንቲም እንደመወርወር። የአንድ ሰው ዓይን ሁለት ጊዜ ሲነሳ ልዩነቱ ከዚያ በጣም ያንሳል። ድንበሩ ከሲሶው አካባቢ ይሰመራል። ድንበሩን ስታጠብቀው ባለቤቱን የመመለስ ዕድል ይጨምራል፣ ስታላላው ሌላ ሰው የማስገባት። ፕሮጀክታችሁ ላይ ይህን ግራፍ አድርጋችሁ ብታሳዩ ትወደዳላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ካሜራውን ፀሐይ ፊት ለፊት እንዳትሰቅሉት። ፀሐይ ራሷ ኢንፍራሬድ ትረጫለች፣ የኮምቦልቻን ፀሐይ ደግሞ ታውቃታለህ። ሰውም ዓይኑን ያጨነቁራል፣ ሽፋሽፍቱ አይሪሱን ይከልለዋል። ከበሩ በፊት ጥላ ያለበት ጠባብ ክፍል ያስፈልጋል። ቁመትንም አስቡ፣ ረጅሙም አጭሩም ሳይንጠራራና ሳያጎነብስ እንዲያይ ካሜራው ዘንበል ቀና የሚል መሆን አለበት።

ነርስ ዘደሴ፦

ስለ ዓይን ጤናው እኔ ልጻፍ፣ ሥራዬ ስለሆነ። መጀመሪያ ጨረር የሚለውን ነገር እንጥራው። ሌዘር አይደለም፣ ኤክስሬይም አይደለም። የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ ላይ ያለችውን ዓይነት የኢንፍራሬድ መብራት ነው። መብራቱ ለዓይን የሚኖረው ጉዳት በዓለም አቀፍ መስፈርት ይለካል፣ አይ ኢ ሲ 62471 ይባላል። ዕቃውን ስትገዙ ይህንን ማሟላቱን ጠይቁ፣ ወረቀቱንም ለሠራተኛው አሳዩት። ጨረሩ ምንም አያደርግም ብሎ በአፍ ከመማል ወረቀት ማሳየት ይሻላል፣ የሠራተኛው ፍርሃት በስድብ አይለቅም።

ብዙ ሰው ደግሞ ሬቲናንና አይሪስን ያምታታል። ሬቲና ከዓይን ጀርባ ያለው ነው፣ አይሪስ ግን መስታወት ፊት ቆመህ የምታየው።

አሁን የእኛን አገር የሚመለከተው ክፍል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍሉ ለምን ሁልጊዜ ሰው እንደሚበዛበት ታውቃላችሁ፣ ሰዉ ከየወረዳው ነው የሚመጣው። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው አይሪሱ ይነበባል ወይ ብትሉኝ አብዛኛውን ጊዜ አዎ ነው መልሱ። ሞራው ያለው ሌንሱ ላይ ነው፣ ሌንሱ ደግሞ ከአይሪሱ በስተኋላ ነው የሚገኘው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግን አንዳንዴ አይሪሱ ራሱ ቅርጹ ሊነካ ስለሚችል እንደገና መመዝገብ ጥሩ ነው። ችግሩ ትራኮማ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያውን እየቧጨረ ነጭ ጠባሳ ሲጥልበት፣ ያ ጠባሳ ከአይሪሱ ፊት ለፊት ይቆማል። ካሜራው የሚያየው መጋረጃውን ነው። አቧራና ፀሐይ የበዛበት ቦታ የሚሠሩ ሰዎች ላይ ከዓይን ነጩ ተነስቶ ወደ ጥቁሩ የሚያድግ ሥጋም አለ፣ እሱም ከገፋ ከፊሉን ይሸፍናል። እነዚህ ሰዎች ሌቦች አይደሉም። ማሽኑ ስላላነበባቸው ሥራቸውን ሊያጡ አይገባም።

ስለዚህ ሁለቱንም ዓይን መዝግቡ፣ አንዱ ቢያቅት በሌላው ይገባል። ሁለቱም ለማይነበብለት ደግሞ ሌላ መንገድ ከመጀመሪያው ተዘጋጅቶ ይቅረብ። ሽቦ ዘርጊው ቀዳዳ ያለው ነገር እውነት ነው፣ ግን የተጻፈ፣ ስም የተመዘገበበት፣ ሁለተኛ ሰው የሚያረጋግጥበት መንገድ ከሆነ ቀዳዳ አይደለም።

ሌላ ትንሽ ነገር። ለምርመራ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ የተደረገለት ሰው ለሰዓታት ብሌኑ እንደሰፋ ይቆያል፣ አይሪሱም ይጠባል። ጠዋት ሐኪም ቤት ሄዶ ከሰዓት ሥራ የገባ ሠራተኛ በሩ ላይ ሊመለስ ይችላል። ጥበቃው ይህን ካላወቀ ሰውየውን በማያውቀው ነገር ያንገላታዋል።

ከዱባይ መልስ፦

እህቴ ነርስ የጻፈችው ጠብታ እኛ ዘንድ የታወቀ ነው እኮ! ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከአገር ያስወጣቻቸውን ሰዎች አይሪስ ትይዛለች። ሰው ስሙንና ፓስፖርቱን ቀይሮ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ዓይኑን ሲያዩት ይያዛል። ታዲያ አንዳንዶች ያን የሚያሰፋ ጠብታ አድርገው ለማለፍ ሞከሩ። ብሌኑ ከመጠን በላይ ሲሰፋ ኮዱ ተዛባ። እነሱም ነቁ፣ ሲስተሙ ብሌን ያለልክ ሰፍቶ ሲያይ እንዲያስጠነቅቅ ተደረገ። ጠብታው እስኪለቅ ቁጭ አድርገው ይጠብቁሃል ማለት ነው። ከወሎ የወጣ ልጅ ይህን ታሪክ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፣ ደላሎቹ ዘንድ ግን አሁንም መላ አለ እያሉ ገንዘብ የሚበሉ አይጠፉም። እህቶቼ አትስሟቸው።

ተጠቃሚ ስትሆን ግን ነገሩ ፈጣን ነው። ቆመህ ትመለከታለህ፣ ታልፋለህ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ሳየው ልቤ ደንግጦ ነበር። ሲንጋፖርም አሁን በፊትና በአይሪስ ሰው ፓስፖርት ሳያወጣ ታሳልፋለች።

የሆጤ ልጅ፦

እሺ አሁን ቀልዱን ትቼ ልጻፍ። ቴክኖሎጂው እንደሚሠራ ገባኝ። ግን የእናንተ ፕሮጀክት የሚመልሰው ጥያቄ የትኛውን ነው? አይሪስ የሚነግርህ ይህ ሰው ማን ነው የሚለውን ብቻ ነው። ቦርሳው ውስጥ ምን አለ አይልህም። ምን አስቦ መጣም አይልህም።

ጎረቤታችን ሞቃዲሾን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 2016 የዳሎ አየር መንገድ አውሮፕላን ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ፈንድቶ ጎኑ ተቀደደ። ቦምቡ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር ተባለ። አብራሪዎቹ መልሰው አሳረፉት፣ የሞተው ቦምቡን የያዘው ሰው ብቻ ነበር። በኋላ መንግሥት ያወጣው የካሜራ ምስል ላይ ኤርፖርት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሆኖ ላፕቶፕ የሚመስለውን ዕቃ ለተሳፋሪው ሲያቀብል ታየ። ያ በር አይሪስ ቢኖረው ኖሮ ለዚያ ሠራተኛ ቀጥ ብሎ ይከፈትለት ነበር፣ ምክንያቱም ሠራተኛ ነዋ።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ፣ አባሪ 17 የሚባለው፣ ለዚህ ነው ወደ ተከለለው ክፍል መግባትን ተቆጣጠሩ ብቻ ሳይሆን ከተሳፋሪ ውጭ ያለውንም ሰውና የያዘውን ዕቃ ፈትሹ የሚለው። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ የናንተ ካሜራ ውድ ቁልፍ ነው። ገንዘቡ አንድ ብቻ ቢሆንና ምረጥ ብባል እኔ የሠራተኛው በር ላይ ፍተሻ ማሽንና የማይተኛ ፈታሽ አስቀምጣለሁ። አይሪሱ ከዚያ ይከተላል።

ሽቦ ዘርጊው፦

በዚህ ላይ አልከራከርህም። ቅደም ተከተሉን ግን ትንሽ ላስተካክለው። የሠራተኛ በር ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ቦምብ አይደለም፣ የተዋሰ ካርድ ነው። ዛሬ አልመጣም ካርዴን ይዘህ ግባ፣ ሥራ የለቀቀ ሰው ባጁን ሳይመልስ መቅረት፣ የወንድሙን ባጅ አንገቱ ላይ ማንጠልጠል። አይሪስ ይህን ይዘጋዋል። ካናዳ ትልልቅ ኤርፖርቶቿ ላይ ለሠራተኛ የምትሰጠው የተከለለ ቦታ መታወቂያ የጣት አሻራንም አይሪስንም ያካተተ ነው። ምክንያቱ ይኸው ነው። ካርዱ በተሰረዘ ሰዓት ሰውየውም ተሰረዘ።

የመጀመሪያ ቀልድህ የነካው ግን ትልቁ ነገር ነው። የእኛ ሰው ጨዋ ነው። በር ከፍቶ ከኋላው የሚመጣውን ሳያሳልፍ ሲዘጋ አይሆንለትም። ግባ፣ አይ አንተ ቅደም፣ በሞቴ እየተባባሉ በአንድ ስካን ሦስት ሰው ይገባል። የማሽኑ መዝገብ ላይ አንድ ስም ይጻፋል። የፈለገውን ያህል የረቀቀ ካሜራ ስቀል፣ በሩ ተራ በር ከሆነ ከንቱ ነው። ስለዚህ ቦርከና፣ ከካሜራው በፊት በሩን ዲዛይን አድርጉ። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ተዘዋዋሪ በር ወይም ሁለት በር ያለው ጠባብ ክፍል፣ የመጀመሪያው ሳይዘጋ ሁለተኛው የማይከፈት። ጨዋነቱን በብረት ነው የምንገላግለው፣ ሠራተኛውም ጓደኛውን ሲያስቀር ይሉኝታ አይዘውም፣ ማሽኑ ነው እምቢ ያለው ይላል።

ቦርከና ዳር፦

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። የበሩን ነገር ወላሂ አላሰብነውም ነበር፣ ሶፍትዌሩ ላይ ብቻ ነው የተሟሟትነው።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ ፎቶ አትሞ ማሳየት ይቻላል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው? ሁለተኛ፣ መረጃው የት ይቀመጥ? አንዱ ጓደኛችን ሁሉንም አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ላይ እናድርገው ይላል።

ወረቀት አገላባጭ፦

ሁለተኛውን እኔ ልውሰደው፣ ሕግ ነው ያጠናሁት፣ ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው ያገኘኋችሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፣ ባዮሜትሪክን እንደ ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ያየዋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ለሥራ በር የተወሰደ አይሪስ ለሌላ ዓላማ አይዞርም። ሠራተኛው ለምን እንደተወሰደ ይነገረዋል፣ ሲለቅም መረጃው ይደመሰሳል። የፋይዳ ዳታ አለና ከዚያ እንቅዳው የሚል ሐሳብ ከመጣ ተዉት፣ እሱ በራሱ አዋጅ፣ በ1284/2015 የሚተዳደር ሌላ ነገር ነው።

የምፈራው ይህን ነው፤ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ትቀይረዋለህ፣ ዓይን ግን ምን ትቀይራለህ? በእኔ እምነት ሁሉንም አንድ ቦታ መከመር አይገባም።

ሽቦ ዘርጊው፦

ወረቀት አገላባጭ መንገዱን ጠረገልኝ። ኮዱን በተመሰጠረ መልኩ የሠራተኛው ካርድ ቺፕ ላይ አስቀምጡት። ካርዱን ያስጠጋል፣ ዓይኑን ያሳያል፣ በሩ ላይ ያለው መሣሪያ ሁለቱን ያነጻጽራል። አንድ ለአንድ ነው እንጂ አንድ ለሺህ አይደለም። ስህተቱም ይቀንሳል፣ የሚሰረቅ ትልቅ ቋትም አይኖርም። ዋናው ጥቅሙ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ላይ ከሰቀላችሁት መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ሻንጣ ጫኙ ውጭ ይቆማል፣ አውሮፕላኑ ደግሞ ሜዳው ላይ። የተሰረዙ ካርዶች ዝርዝር ብቻ በየጊዜው ወደ በሩ መሣሪያ ይውረድ፣ እሱ ትንሽ ፋይል ነው።

የፎቶው ነገር እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የጀርመኑ ካኦስ ኮምፒውተር ክለብ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 8 ስልክን እንዲህ ነው ያታለሉት። በካሜራ የማታ ሞድ ዓይኑን አነሱ፣ አተሙ፣ የዓይን ጉብታ እንዲኖረው ኮንታክት ሌንስ አስቀመጡበት፣ ስልኩ ተከፈተ። ስለዚህ ሕያውነት የሚፈትሽ መሣሪያ ግዙ። ብርሃን ሲጨምር ብሌኑ ይጠባል ወይ ብሎ ያያል፣ የብርሃኑን ነጸብራቅ ያያል፣ ንድፍ የታተመበትን ኮንታክት ሌንስ ይለያል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ካሜራው አጠገብ ሰው መኖሩ ነው። ፊቱ ላይ ወረቀት ለጥፎ የቆመ ሰው ጥበቃ ካለ ያስቃል እንጂ አይገባም።

የሆጤ ልጅ፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ይህ ነገር ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ እንግሊዞች ለምን ዘጉት? እ.ኤ.አ. በ2013 ኤርፖርቶቻቸው ላይ የነበረውን አቁመውታል።

ሽቦ ዘርጊው፦

እሱ የተሳፋሪ ነው። የተሳፋሪ በር ላይ ፊት ያሸነፈው ፓስፖርቱ ቺፕ ውስጥ የፊት ፎቶ ግዴታ ስለሆነ ነው፣ ጣትና አይሪስ እንደ ምርጫ ነው የቀሩት። መንገደኛውን እንደ አዲስ ዓይኑን መዝግብ ከማለት ያለውን ፊት መጠቀም ቀለለ። ሠራተኛ ግን በየቀኑ የሚመላለስ የታወቀ ሰው ነው፣ አንዴ መዝግበኸው ዓመታት ትጠቀምበታለህ። ፕሮጀክታችሁ መግቢያ ላይ ይህን ልዩነት ጻፉት፣ አለዚያ አማካሪው ይህንኑ ይዞ ነው የሚመጣባችሁ።

እና ቦርከና፣ መብራት ሲጠፋ በሩ ምን ይሆናል የሚለውን ሥዕሉ ላይ አስገቡ። ከውጭ ወደ ሜዳው የሚያስገባው ተቆልፎ ይቅር። ከውስጥ ወደ ውጭ ግን እሳት ቢነሳ ሰው ያለ ካርድ፣ ያለ ስካን፣ በእጁ ገፍቶ የሚወጣበት መሆን አለበት። ባትሪውንም ለካሜራው ብቻ ሳይሆን ለመቆለፊያው ጭምር አስሉት፣ ማግኔት ቁልፍ ከሆነ ጅረቱ በተቋረጠ ሰዓት ራሱ ይለቃል።